ነብሩን በገመድ ያሰረው ልብስ ሰፊ

ባሌ ኤኮው ሥዕል አይሰፋም። የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ የመዘምራን ካባ ይሰፋል፣ መቀመጫው ያለቀ ሱሪ ይጥፋል፤ ሥዕል ግን በጭራሽ። አንዴ ለልጇ ሠርግ የምትዘጋጅ ሴትዮ የአልጋ ልብስ ላይ አበባ ጥለፍልኝ ብላ ብትለምነው "አበባም ሥዕል ነው" ብሎ መለሳት። እኔ ደግሞ ከጓሮ ሆኜ "አበባ ማንን ገደለ?" ብዬ ጮኽኩበት። ኤኮው ካልፈለገ ጆሮው ይደፈናል፤ ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን አመሉን ላስተወው አልቻልኩም።

በጉብዝናው ጊዜ ግን ባሕሩን ይዘህ ላይ ብትወጣ ታች ብትወርድ እንደሱ ባንዲራ የሚሰፋ አታገኝም ነበር። የሱ አዞ ይዋኛል፣ የሱ ዶሮ ይጮኻል ይባልለት ነበር። ያገባሁትም ለመልኩ አይደለም፤ መልኩንማ አሁንም የምታዩት ነው። ለእጁ ነው ያገባሁት።

እዚህ በባሕሩ ዳር ባለችው ከተማችን በንሱአኖ ሰው ቤትና መሬት የሚወርሰው ከእናቱ ወገን ነው፤ በበዓል የሚሰለፍበትና በጠብ የሚዋጋለት ጭፍራው ግን የአባቱ ነው። እኔ በአባቴ የአንደኛ ጭፍራ ልጅ ነኝ። ቀይ የኛ ነው፣ ነብር የኛ ነው። ኤኮው የሁለተኛ ጭፍራ ልጅ ነው። ሰማያዊ የነሱ ነው፣ ቀንዳሟ ፍየል የነሱ ናት። እኛ ፍየል ብንስል እነሱ ድንጋይ ያነሳሉ፣ እነሱ ነብር ቢስሉ እኛ ድንጋይ እናነሳለን። ልጆቼም የልጅ ልጆቼም የአባታቸውን ተከትለው ሰማያዊ ሆኑ። "በገዛ ማህፀኔ ለጠላት ወታደር ሳመርት ኖርኩ" እያልኩ ገበያ ላይ የበቆሎ ዶኮኖዬን ስሸጥ አስቃለሁ። ሳቁ ግን ሁልጊዜ ከአንጀቴ አይደለም።

ከቀለሙም ከእንስሳውም በላይ አንድ ሕግ አለ። አዲስ ባንዲራ የሰፋ ጭፍራ፣ አደባባይ ከማውጣቱ በፊት ወስዶ በሌላው ጭፍራ ግቢ መሬት ላይ ይዘረጋዋል። ሽማግሌዎቹ ያዩታል። ስድብ ከሌለበት አለቃቸው፣ ሱፒ የምንለው፣ አጠገቡ ጂን የሚባለውን አረቄ ያፈስና "ይውጣ" ይላል። ስድብ ካለበት እዚያው ይቃጠላል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ሳይታይ የወጣ ባንዲራ ግን ባንዲራ አይባልም፤ "ኑ እንጋደል" ማለት ነው።

ኤኮው አንድ ባንዲራ ሳይታይ እንዲወጣ ሰፍቷል። አዲስ ተጋቢዎች ነበርን። የያኔው አለቃቸው፣ ነፍሱን ይማረውና ፈጣጣ ሰው ነበር፣ "ለመንገድ ጠረጋው በዓል አንድ ነገር ሥራልኝ፣ ለማንም እንዳትናገር" አለው። የኔው ደግሞ ለጉራ ማን ብሎት! ከኔም ደብቆ አልጋችን ሥር እያስገባ ሰፋው። እኔም ያየሁት እንደማንኛውም ሰው በበዓሉ ዕለት፣ ጭፍሮቹ በየዓመቱ ባንዲራቸውን ይዘው በሚወጡበት አደባባይ ላይ ነው። ቀንዳሟ ፍየል ነብሩን በአንገቱ በገመድ አስራ ትጎትተዋለች። ነብሩ ምላሱን አውጥቷል፣ ጭራውን እግሩ መሐል ወሽቋል። ልዋሽ አልችልም፣ ቆንጆ ነበር። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለት ሰው ሞተ። አንዱ ጆጆ ነው፣ የኤኮው ታናሽ ወንድም። ሌላው ክዋሜና ነው፣ የአባቴ እህት የማሜ ኤኩዋ አንድያ ልጅ። ጆጆን ቀዮቹ ገደሉት ተባለ፣ ክዋሜናን ሰማያዊዎቹ ገደሉት ተባለ፤ ፖሊስ መጥቶ ከሁለቱም ወገን ያገኘውን ለቅሞ አሰረ፣ ባንዲራውንም ወሰደ። ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ። ተዘጋ ስል ሰው አፉን ዘጋ ማለቴ ነው። ሆድ ይፍጀው ተባለ፣ ሆድም ፈጀው።

ማሜ ኤኩዋ ከቀብሩ በኋላ ደጄ ድረስ መጥተው "ልጄን በመርፌ ከገደለው ሰው ጋር ትተኛለሽ?" አሉኝ። ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው፣ ጡት የጣለ ልጅ ሆኜ ነው የተቀበሉኝ። አልሄድኩም፣ ባሌን አልተውኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜን ጠርተው አያውቁም። ቧንቧ ላይ ብንገናኝ እንደ እንጨት አልፈውኝ ይሄዳሉ። ኤኮውም ከዚያ ወዲህ የቀዮቹን ሰፈር ረግጦ አያውቅም፤ ገበያ ሲሄድ በባሕሩ ዳር አሸዋ ለአሸዋ ይዞራል። እግሩ እያበጠ መጣ እንጂ መንገዱን አልቀየረም።

እንግዲህ እንዲህ እየኖርን ሳለ ነው የፖስተር ሥዕል ውድድር የመጣው። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው፤ ርዕሱ "የከተማችን ታሪክ" የሚል ነው። ዳኞቹ ከወረዳው ከተማ ይመጣሉ፣ አንደኛ የወጣው ፖስተር በመንገድ ጠረጋው በዓል አለቆቹ ሁሉ በተቀመጡበት አደባባይ ይሰቀላል። ርዕሰ መምህሩ ማስተር ኢንኩም፣ ወጣት ነው፣ ከሰሜን በኩል የተዛወረልን፣ በየቤቱ እየዞረ "ልጆቻችሁ አያቶቻቸውን ይጠይቁ" አለ። እኔም ደግ ነገር ነው አልኩ። ልጅ ሥዕል ቢስል ምን ይሆናል?

የልጄ ልጅ አጆአ አምስተኛ ክፍል ናት። እኛ ዘንድ ነው የምታድገው። ጥያቄ ከጀመረች እንደ ዝንብ ናት፣ ብታባርራት ተመልሳ እዚያው ታርፋለች።

"ናና፣ አንተ ታሪክ አለህ?" አለችው አያቷን፣ ስፌት መኪናው ሥር ቁጭ ብላ።

"የአያትሽ ታሪክ ክርና መርፌ ነው። ሂጂ ባሕሩ ዳር ያለውን የድሮ ምሽግ ሳይ" አልኳት እኔ።

"ምሽጉን ሁሉም ልጅ እየሳለው ነው፤ የክፍላችን ልጆች በሙሉ ምሽግ ብቻ! ናና፣ ለምንድነው ሥዕል የማትሰፋው?"

ጆሮው ይደፈናል ብዬ ጠበቅኩ። አልተደፈነም። መቀሱን አስቀመጠ፣ የመኪናውን ጎማ በእጁ ያዘና ነገራት። ሁሉንም! ባንዲራውን፣ አልጋ ሥር መደበቁን፣ ጆጆን፣ ክዋሜናን። ለኔ ለሚስቱ አንድ ቀን ያልተነፈሰውን ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ አንድ በአንድ ዘረገፈላት። በርበሬ እየፈጨሁ ነበር፣ እጄ ቆመ። ተናደድኩ፣ እውነቱን ነው የምላችሁ፤ ለኔ ነበር መናገር የነበረበት።

"ለምን መጀመሪያ አላሳየሃቸውም?" አለችው አጆአ።

"ኮራሁ" አለ። "ልጄ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ያየው ሰው ሁሉ ኤኮው ሰፋው እንዲል ፈለግኩ።"

አጆአ የሳለችውን ያየነው ዳኞቹ ከወሰኑ በኋላ ነው። አንደኛ ወጣች! ማስተር ኢንኩም ያሸነፉትን ፖስተሮች በሙሉ በዋናው መንገድ በኩል ባለው በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ሰቀላቸው፣ የሷን መሐል ላይ። እሰይ እያልኩ እየሮጥኩ ሄድኩ። ስደርስ አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

ወረቀቱ ላይ አደባባዩ አለ፣ ሕዝቡ አለ። ከላይ ባንዲራው አለ፤ ፍየሏ፣ ገመዱ፣ ነብሩ፣ ምላሱም ሳይቀር። ከፊት ሁለት ጎበዞች ወድቀዋል፣ አንዱ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል፣ አንዱ ቀይ። ደማቸው ወርዶ አንድ ኩሬ ሆኗል። ከሥሩ በትልቁ "ባንዲራው ሳይታይ ወጣ" ተብሎ ተጽፏል። እና ይኸው እሱም ሳይታይ ወጥቶ፣ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ፣ ነብራችን በገመድ ታስሮ ተሰቅሏል! ማስተር ኢንኩም ምን ያውቃል፣ የኛን ሕግ ማን ነገረው? ዳኞቹስ? ፖስተር ወረቀት ነው፣ ባንዲራ ጨርቅ ነው ብለው ነዋ። እኛም ብንሆን ልጅ የሳለው ወረቀት መታየት አለበት ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የቀዮቹ ሰፈር ግን አሰበ። በማግስቱ ቧንቧ ላይ ስደርስ ሴቶቹ እንስራቸውን አንስተው ሄዱ። ዓሣ የምትሸጥልኝ ሴትዮ "ጨርሻለሁ" አለችኝ፣ ዓሣው ፊቷ ተቆልሎ። ከሰዓት በኋላ ጎረምሶች ራሳቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው በትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመሩ። የሁለተኛ ጭፍራ ጎረምሶች ደግሞ "እስቲ ይንኩትና እናያለን" ብለው ማዶ ቁጭ አሉ። አንዳቸውም ያኔ አልተወለዱም ነበር፤ የማያውቁትን ሰው ሞት ሊደግሙት ይቁነጠነጣሉ። በዓሉ ቅዳሜ ነው። ያን ቀን ሐሙስ ነበር።

ማስተር ኢንኩም ላብ በላብ ሆኖ ፖስተሩን ጠቅልሎ ይዞ መጣ።

"ከአጥሩ አውርጄዋለሁ፣ አባባ ኤኮው። የቀዮቹ አለቃ ሱፒ ታዊያ ሰው ልኮ ቀይ ቀለም ማን ፈቀደላት አለኝ። ደም ነው እኮ አልኩት፣ ደምም ቢሆን ይጠየቃል አለኝ! እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ሁለተኛ የወጣውን እንስቀል፣ የምሽጉን። ለልጅቷ ሽልማቷን በድብቅ እሰጣታለሁ።"

"ተባረክ፣ እንደዚያ አድርግ" አልኩ እኔ። "እንዲያውም ስጠኝ፣ አሁኑኑ እሳት ውስጥ ልክተተው።"

አጆአ ከጥግ ሆና "ምን አጠፋሁ?" አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። "ናና ያለኝን ነው የሳልኩት። ውሸት አለበት?"

"ውሸት የለበትም" አለ ኤኮው።

"ዝም በል አንተ ሰውዬ!" አልኩት። "ያኔም አንተ ነህ፣ ዛሬም አንተ ነህ! ምን ብለህ ነው ለሕፃን ይህን የምትነግራት? ቅዳሜ አንድ ጎረምሳ ቢሞት ማን ይጠየቃል? ልጅቷን ነገ በመንገድ ላይ ድንጋይ ቢወረውሩባትስ? ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማህም?"

"ነቀዘ እንጂ" አለ ኤኮው፣ በስሜ ጠርቶኝ። "አረባ፣ እኛ ዝም ብለን ምን አተረፍን? ጎረምሶቹን ተመልከቻቸው። የነገራቸው ሰው ስለሌለ ሠርግ የቀረባቸው ይመስላቸዋል። ይህንን ብናቃጥለው ቅዳሜም ባይሆን በሚመጣው ዓመት ይጋደላሉ።"

ከዚያም ተነሣ። መቀሱን በቦታው አኖረ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፈ፣ የተጠቀለለውን ፖስተር ከማስተር ኢንኩም እጅ ወሰደ። "ሳይታይ ነው የወጣው" አለ። "ላሳያቸው።"

"የት? የቀዮቹ ግቢ? አንተ? እብድ!" ጮኽኩበት። በሩ ላይ ቆሜ እጄን ዘረጋሁበት። ቀስ አድርጎ እጄን አነሣና አለፈ። ምን ላድርግ? ነጠላ ጫማዬን እያጠለቅኩ ተከተልኩት። አጆአም "ቤት ሁኚ" ብላት እሺ አላለችም፣ ከኋላዬ ትሮጣለች።

በአሸዋው አልዞረም። በቀጥታ በመሐል መንገድ ነው የሄደው። ያበጠ እግሩን እየጎተተ ጎረምሶቹ መሐል ሲገባ ማንም ያላመነ ይመስለኛል፤ መንገድ ለቀቁለት፣ ከዚያ ግን ከኋላችን ተሰበሰቡ። "ባለ መርፌው መጣ!" አለ አንዱ። "ገመዱን ይዞ ነው የመጣው?" አለ ሌላው፣ ሳቁ። ጠርሙስ መሬት ላይ ሲፈነዳ ሰማሁ። ዞር ብዬ "እናትህ ዶኮኖ በዱቤ የምትወስደው ከማን ነው? አንተ ወንበዴ፣ ዱላህን ጣል!" አልኩት የማውቀውን ልጅ።

የአንደኛ ጭፍራ ግቢ እንደ ድሮው ነው። የሲሚንቶው ነብር በር ላይ ቆሟል፣ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ሱፒ ታዊያ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጥላው ሥር ተቀምጧል። ከኤኮው ጋር እኩያ ነው፤ ሁለቱ በሞቱበት ቀን እሱም ጎረምሳ ሆኖ ከቀዮቹ ፊት ከተሰለፉት አንዱ ነበር።

ኤኮው ጫማውን አወለቀ። ፖስተሩን መሬት ላይ ዘረጋና አራቱን ጥግ በጠጠር ያዘው። ከዚያ ተንበረከከ።

"ያኔ ማሳየት ነበረብኝ፣ አላሳየሁም" አለ። "ዛሬ ላሳያችሁ መጣሁ። የሳለችው የልጄ ልጅ ናት፣ ታሪኩ ግን የኔ ነው። ካልወደዳችሁት እዚሁ አቃጥሉት። ልጅቷን ግን እንዳትነኩ። የሚነካ ካለ እኔን ይንካ።"

ሱፒ ታዊያ ጎንበስ ብሎ ሥዕሉን አየው። "ነብራችን እንደገና በገመድ" አለ። "ሁለተኛ ልትሰድበን ነው? በልጅ እጅ?"

"ስድብ አይደለም" አለ ኤኮው። "የሰደብኳችሁ ጊዜ ምን እንደደረሰ የሚያሳይ ነው።"

"ልጃችሁን ሰማያዊ፣ ልጃችንን ቀይ አድርጋችሁ፣ እኩል ሞቱ ለማለት? ክዋሜናን ማን ገደለው? ይህን ለምን አልሳለችውም?"

ከኋላ ያሉት ጎረምሶች "አቃጥሉት!" አሉ። አንዱ ክብሪት አውጥቶ ጫረ። ነበልባሉን ወረቀቱ ላይ ሊያወርድ ሲጎነበስ አጆአ ጮኻ ሥዕሏ ላይ ተደፋች። ኤኮው ልጁን ክንዱን ያዘው። ሌላው ኤኮውን በአንገቱ ያዘው። እኔ ምን እንዳደረግኩ አላውቅም፣ የአንዱን ጎረምሳ ጆሮ ይዤ እንደነበር ብቻ ነው የማስታውሰው። አለቀ፣ አልኩ በልቤ። ይኸው ጀመረ።

"ማነው ልጅ የሚያስለቅሰው?"

ድምፁን አወቅኩት። ማሜ ኤኩዋ በግቢው ጥግ ካለው ቤት በራፍ ላይ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሁሉም የያዘውን ሰው ለቀቀ። እሳቸው ቀስ እያሉ መጡ፣ ኤኮውን አልፈው፣ እኔን እንደ እንጨት አልፈው፣ አጆአ አጠገብ ቆሙ።

"ተነሽ እስቲ። ዓይኔ ደክሟል። ምን እንደሆነ ንገሪኝ።"

አጆአ በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠርጋ ተነሣች። "ይህ አደባባዩ ነው። ይህ ናና የሰፋው ባንዲራ ነው። ይህ የናና ወንድም ጆጆ ነው።" ጣቷን ወደ ሌላው ወሰደች። "ይህ ክዋሜና ነው።"

አሮጊቷ በበትራቸው ተደግፈው ዝቅ አሉ። ፊታቸው ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

"ለምን ቀይ አለበስሽው?"

"ቀይ ጭፍራ ስለሆነ።"

"አልነበረም" አሉ ማሜ ኤኩዋ።

"ቀይ ጭፍራ አልነበረም?" አለች አጆአ።

"ቀይ ጭፍራማ ነበር። ቀይ አልለበሰም። ያን ቀን ጠዋት ከጆጆ ጋር ከባሕር ነው የመጡት፣ አንድ ጀልባ ላይ ነበር የሚሠሩት። ማዕበል መትቷቸው የልጄ ልብስ ሁሉ ረጥቦ ነበር። ጆጆ ትርፍ ሸሚዝ ነበረው፣ አውጥቶ ሰጠው። ሰማያዊ ነው። ቀይር ብዬዋለሁ። 'እማዬ፣ ቆይ፣ ጩኸቱ ምንድነው?' ብሎኝ ሮጠ። ሬሳውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አላስነካሁም። ቁስሉ ከኋላ ነው፣ እዚህ።" እጃቸውን ማጅራታቸው ላይ አኖሩ። "ስደርስ አየሁ፤ ፊቱን ወደ ሰማያዊዎቹ አዙሮ ጆጆን ሊጎትት እጁን እንደዘረጋ ነው የወደቀው። ከሱ ኋላ የነበሩት የኛ ናቸው። ሰማያዊ ጀርባ አዩ፣ መቱ።"

ክብሪቱን የያዘው ልጅ ክብሪቱን ኪሱ ከተተ። ያኔ የነበሩት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ሱፒ ታዊያ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ያኔ ከክዋሜና ኋላ ከነበሩት ቀዮች አንዱ እሱ ነው። ማን እንደመታ እሱ ራሱ ያውቅ ይሆን? አላውቅም፣ ልጠይቀውም አልፈልግም።

"ማሜ" አለ በመጨረሻ፣ "ይህን ሁሉ ዘመን ለምን..."

"ምን ልበል? ልጄን የገዛ ወንድሞቹ ገደሉት ልበል? ከማን ጋር ልኑር? ባለ መርፌው ነው አልኩ፣ ቀለለኝ።" ከዚያ ወደ አጆአ ዞሩ። "ልጄ፣ ታሪክ ከሆነ ልክ ይሁን። ሰማያዊ ቀቢው።"

"ቀለሜን ቤት ትቼዋለሁ" አለች አጆአ።

ኤኮው ገና እንደተንበረከከ ነው። እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና ጨርቅ የሚያሰምርበትን ሰማያዊ ጠመኔ አወጣ። ዘረጋላት። አጆአ ተቀምጣ የክዋሜናን ሸሚዝ መቀባት ጀመረች። ቀዩ ላይ ሰማያዊው አልይዝ አለ፣ ደጋግማ ፈተገችው፣ ጣቷ ሰማያዊ ሆነ። በቀዮቹ ግቢ መሐል፣ የሲሚንቶው ነብር እያየ፣ አንድም ሰው "ይህ ቀለም የማነው?" አላለም። ስትጨርስ ሁለቱ የወደቁት አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሰው ነበር።

ሱፒ ታዊያ ተነሣ። ጂኑን አምጡ አለ፣ አመጡለት። ከወረቀቱ አጠገብ መሬት ላይ አፈሰሰ። "ይውጣ" አለ።

እኔ ሣር ላይ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። አፍሬም አይደለም የማለቅሰው፣ ደስ ብሎኝም አይደለም። ባሌ ያልሠራውን ግድያ ሲሸከም ኖረ፣ እኔም ባገኘሁ ቁጥር ስጨምርበት ኖርኩ። የሠራውንም ሠርቷል፤ ባንዲራው የሱ ነው። ሁለቱን እንዴት አድርጌ በአንድ ልብ እንደምይዛቸው አላውቅም ነበር።

"አረባ!"

ስሜ ነው። ማሜ ኤኩዋ ናቸው። በትራቸውን ወደ ኤኮው ቀስረው፣ ፊታቸውን ወደኔ አዙረው፣ እንደ ድሮው ተቆጥተው።

"ምን ተዘርፍጠሽ ትነፋረቂያለሽ? ለባልሽ ወንበር አውጪለት እንጂ! ጉልበቱ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አይታይሽም?"

"እሺ ማሜ" ብዬ ሮጥኩ። ወንበሩ የት እንዳለ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ያደግኩበት ቤት ነው።